የበላበትን ወጪት ሰባሪ

ደግ የዋለለትን ሰው የከዳ ሁሉ «የበላበትን ወጪት ሰባሪ» ይባላል። ስድቡን ሁላችንም እናውቀዋለን። ወጪቱን ግን ከተማ ያደገ ሰው ላያውቀው ይችላል። ሳህን ተክቶታላ።

ወጪት ወጥ የሚቀርብበት የሸክላ ዕቃ ነው። ከጭቃ ተሠርቶ በእሳት ይተኮሳል። ብረት ቢጎብጥ ይቃናል፤ ሸክላ ግን አንዴ ከተሰበረ ገል ነው። ደግሞም የአንድ ሰው ብቻ አይደለም፣ ቤተሰቡ ዙሪያውን ተቀምጦ ይበላበታል። ማታ የሰበረው ሰው የነገውን የሁሉንም ምሳ ነካ ማለት ነው። የራሱንም ጭምር።

አባባሉን ልብ ብላችሁ እዩት። ሌባ አላለም። ወጥ ደፊም አላለም። «የበላበትን» ነው ያለው። ሰውየው በልቷል፣ ጠግቧል፣ የሰበረው ከዚያ በኋላ ነው። ርቦት በነበረ ጊዜ እንኳን ሊሰብረው፣ ጠርዙን በእንጀራ ይጠርገው ነበር። ምስጋና የሚጠፋብን ስንጠግብ ነው። ሙሴም እስራኤላውያን ከነዓን ሳይገቡ ያስጠነቀቃቸው ይህንኑ ነው። ዘዳግም 8ን ያነበበ ያስታውሰዋል፦ ስትበላ፣ ስትጠግብ፣ መልካም ቤት ሠርተህ ስትቀመጥ ልብህ እንዳይኮራ፣ አምላክህንም እንዳትረሳ ይላል። ስለ ረሃቡ ጊዜ ብዙም አልሰጋም።

ወጪት በወንጌልም አለ። በማቴዎስ 26፥23 ጌታ አሳልፎ የሚሰጠውን ሰው ሲያመለክት «ከእኔ ጋር እጁን በወጭቱ ያጠለቀ» ይላል። አባባላችን ከዚህ መጣ ማለቴ አይደለም። ሸክላው በየቤቱ ስለነበር አባባሉ ማንንም ማስፈቀድ አያስፈልገውም ነበር። ግን አማርኛ አንባቢ ይቺን ቃል ሲያገኝ ስለ ይሁዳ ብዙ ማብራሪያ አይፈልግም። አብሮ የበላ ሰው ነው፣ በቃ።

ታዲያ ወጪቱን ሳይሰብሩ መኖር እንዴት ነው? ቤተ ክርስቲያን መልሱን በየቅዳሴው ታስተምረዋለች። ጸሎተ አኮቴት «ነአኵቶ ለገባሬ ሠናያት ላዕሌነ» ብሎ ይጀምራል፤ መልካም ነገር ያደረገልንን እናመስግን ማለት ነው። ከዚያ የተደረገልንን አንድ በአንድ ይቆጥራል፦ ሰውሮናል፣ ረድቶናል፣ ጠብቆናል፣ እስከዚህች ሰዓት አድርሶናል። እኔን ሁሌ የሚይዘኝ የመጨረሻው ነው። እስከዚህች ሰዓት! ገና ስላልመጣው ነገር ሳይሆን ስለ ደረስንበት ሰዓት ነው የሚያመሰግነው። እኛ «እንዴት አደርክ?» ስንባል «እግዚአብሔር ይመስገን» የምንለውም ከዚህ አይርቅም፤ ምንም እንኳ አንዳንዴ አፋችን ብቻውን ቢለውም።

የሰው ውለታ ላይ ግን ሰነፍ ነን። ራሴን ልንገራችሁ። ሥራ ፍለጋ አዲስ አበባ የመጣሁ ጊዜ አንድ ዘመዳችን ስምንት ወር አስጠግተውኛል። ክፍሏ ጠባብ ነበረች፣ እራት ሁሌ ሽሮ። ከዓመታት በኋላ፣ ደሞዝ ለምዶኝ፣ ቤተሰብ በተሰበሰበበት ስለዚያ ሽሮ ቀልድ አወራሁ። ሁሉም ሳቀ። አክስቴ ብቻ ቡናዋን አስቀምጣ «ወጪቷ ስንጥቅ አላት እንዴ?» አለችኝ።

ወዲያው አልገባኝም። ታክሲ ውስጥ ነው የገባኝ። ለካ በስምንት ወር ውስጥ አንድ ቀን እንኳ እራት ሳይቀመጥልኝ አድሮ አያውቅም። አምሽቼ ስመጣ ሽሮው በክዳኑ ምድጃ ዳር ይጠብቀኝ ነበር።

በማግስቱ ደወልኩላቸው። «ጋሼ፣ ስለዚያ ሽሮ አመስግኜዎት አላውቅም» አልኳቸው።

ትንሽ ዝም አሉና ሳቁ። «አሁንም አለ፤ ና» አሉኝ።