«ውድ ከሆነ ጥሩ ነው»፦ የግል ትምህርት ቤት ስንመርጥ የምንሳሳትባቸው ነገሮች እና እውነታው

ሰኔ ሲገባ ስልኬ አያርፍም። «ልጆችሽን የት ነው የምታስተምሪያቸው? እንዴት ነው? ስንት ያስከፍላል?»

የምኖረው አዲስ አበባ፣ አራት ኪሎ አካባቢ ነው። ሁለት ልጆች አሉኝ። ትልቋ ዘንድሮ 6ኛ ክፍል ተፈትናለች፤ ትንሹ 2ኛ ክፍልን ጨርሷል። ለሁለቱ ስል ከፒያሳ እስከ ካዛንቺስ፣ ከስድስት ኪሎ እስከ ሜክሲኮ ያላንኳኳሁት የትምህርት ቤት በር የለም ማለት ይቻላል። አንድ ጊዜ ክፉኛ ተሳስቻለሁ። ያኔ ያሳሳቱኝን ነገሮች ዛሬም ከሚደውሉልኝ ወላጆች አፍ እሰማቸዋለሁ። እኛ ስንሳሳት ዓመቱ የሚባክነው የልጁ ነውና አንድ በአንድ ልጻፋቸው።

«ውድ ከሆነ ጥሩ ነው»

እኔን የጣለኝ ይሄ ነው። ትልቋን 2ኛ ክፍል ያስገባሁበት ትምህርት ቤት ከአቅማችን በላይ ነበር። የዕቁብ ብራችንን ለመመዝገቢያ አድርገን፣ ከቤት ወጪም ቀንሰን አስገባናት። «ጥሩ ባይሆን ይሄን ሁሉ ብር ማን ይከፍል ነበር?» ብለን ነው።

በኅዳር አንድ ቀን «እማዬ፣ አዲስ ሚስ መጣች» አለችኝ። ከገና በኋላ ደግሞ ሌላ ሚስ። በአንድ ሴሚስተር 3 አስተማሪ ማለት ነው። አንድ ማታ የአማርኛ መጽሐፏን ይዛ አጠገቤ ተቀምጣ ታነባለች። ጥርት አድርጋ ነው የምትለው። ደስ ብሎኝ ጣቴን ገጹ መሃል ላይ አሳረፍኩና «ይሄ ምን ይላል?» አልኳት። ዝም አለች። ከዚያ ከላይ፣ ከመጀመሪያው መስመር ጀምራ በሹክሹክታ በቃሏ እያለች ወረደች። ጣቴ ያለበት ጋ ስትደርስ «ጎረቤት» አለች። ልጄ ማንበብ አትችልም ነበር። ገጹን ሸምድዳው ነው።

በአስተማሪዎቹ አልፈርድም። የልጅን ድክመት ለማወቅ ከልጁ ጋር መክረም ያስፈልጋል፤ እሷ ጋ ደግሞ የከረመ ሰው አልነበረም።

እውነታው ይሄ ነው፦ ክፍያው ብዙ ጊዜ የሚነግረን ስለ ቦታው ነው። በመሃል ከተማ ኪራይ ምን እንደደረሰ ሁላችንም እናውቃለን። ብዙ የግል ትምህርት ቤቶች ለመኖሪያ በተሠራ ግቢ ተከራይተው ነው የሚያስተምሩት። ከኛ ኪስ ወጥቶ አስተማሪው ጋ የሚደርሰው ስንት እንደሆነ ደረሰኙ ላይ አይጻፍም። አስተማሪውም ትንሽ የተሻለ ደሞዝ ካገኘ በዓመቱ መሃል ይሄዳል። ኪራይ አለበት፣ ልጆች አሉት።

ስለዚህ አሁን ዳይሬክተር ፊት ስቀመጥ መጀመሪያ የምጠይቀው ስለ ብር አይደለም። «ልጄን የምታስተምረው መምህርት እዚህ ቤት ስንት ዓመቷ ነው?» ነው የምለው። አንዳንዱ ወረቀት ማገላበጥ ይጀምራል። አንዷ ዳይሬክተር ግን ብድግ ብላ ክፍሉ ድረስ ወሰደችኝና «7 ዓመቷ ነው፤ ራሷን አነጋግሪያት» አለችኝ። ትንሹን ልጄን ያስመዘገብኩት እዚያ ነው። ክፍያው ከፊተኛው በጣም ያንሳል።

ስለ ብር ስትጠይቁም ወርሃዊውን ብቻ አትጠይቁ። መመዝገቢያ፣ መጽሐፍ፣ ዩኒፎርም፣ ሰርቪስ፣ የኬጂ ምረቃ ጋዋን ሳይቀር ደምሩት። የዓመቱን ድምር በወረቀት ጽፋችሁ ስታዩት አንዳንዱ «ርካሽ» ትምህርት ቤት ርካሽ አይሆንም።

«ግቢውን አስጎብኝተውናል፤ አይተናል»

ነሐሴ ላይ ሁሉም ትምህርት ቤት ያምራል። ግድግዳው ተቀብቷል፣ የኮምፒውተር ክፍሉ ተከፍቷል፣ ልጆቹ ግን የሉም። ያለ ልጆች የታየ ትምህርት ቤት እንዳልታየ ነው። ከቻላችሁ መጋቢት ወይም ሚያዝያ ላይ ሂዱ። ሄዳችሁም የተማሪ ደብተር አሳዩን በሉ።

አንድ ቦታ የ1ኛ ክፍል የሒሳብ ደብተር ሰጡኝ። ሽፋኑ በፕላስቲክ ተለብጧል፣ ስሙ በኮምፒውተር ተጽፏል። ከፈትኩት። 8 ሲደመር 7 የሚለው ፊት ልጁ 14 ብሎ ጽፏል። ከጎኑ ትልቅ ቀይ ራይት አለ። ገለጥኩ፤ እንደገና ራይት፣ ራይት፣ ራይት። ማንም አላነበበውም። ሌላ ትምህርት ቤት ያየሁት ደብተር ላይ ደግሞ ያው ዓይነት ስሕተት ተከቦ «እንደገና እንሥራው» የሚል አለበት። ቀጥሎ ባለው ገጽ ልጁ ትንንሽ ክቦች ስሎ፣ ቆጥሮ፣ 15 ላይ ደርሷል። የዚህ ልጅ አስተማሪ አጠገቡ ቁጭ ብላለች ማለት ነው።

9 ሰዓት ላይ በር ጋ መቆምም ብዙ ያስተምራል። ልጆቹ እንዴት ሆነው ነው የሚወጡት? አስተማሪዋ በስማቸው ነው የምትጠራቸው? የበሩን ጥበቃ ሰላም በሏቸው። «ጋሼ፣ አስተማሪዎቹ ይቆያሉ ወይስ ይቀያየራሉ?» ስላቸው ከማንም በላይ በግልጽ የነገሩኝ እሳቸው ናቸው።

«ሕንፃው አዲስ ነው፤ ፎቅ ነው»

ትምህርት ቤቶች መንግሥት በሚያደርገው ኢንስፔክሽን ከደረጃ 1 እስከ ደረጃ 4 ይመደባሉ። 1 እና 2 ከመስፈርቱ በታች ናቸው፤ 3 እና 4 መስፈርቱን ያሟሉ ናቸው። ነጥቡ የሚሰላው ከግብዓት 25፣ ከሂደት 35፣ ከውጤት 40 በመቶ ተይዞ ነው። ሕንፃው፣ ቤተ መጻሕፍቱ፣ ላቦራቶሪው ግብዓት ውስጥ ይገባሉ። የመማር ማስተማሩ ሥራ ሂደት ነው። እኛ ወላጆች አይተን የምንማረክበት ፎቅ እንግዲህ ከ25ቱ ውስጥ የሚቆጠር አንድ ነገር ነው። «ደረጃችሁ ስንት ነው? መቼ ነው የታያችሁት?» ብላችሁ ጠይቁ።

«እንግሊዝኛ ካወራ ጎበዝ ነው»

የ5 ዓመት ልጅ አያቱ ፊት በእንግሊዝኛ ሲዘምር ደስ ይላል። እኔም በስልኬ ቀርጬ ለዘመድ ሁሉ ልኬያለሁ። በኋላ ክፍሎች ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ስለሚሆን ቋንቋው አያስፈልግም የሚል ሰው የለም። ግን ቋንቋውን መናገርና ትምህርቱን መረዳት ለየብቻ ናቸው።

በከተማችን ሥርዓተ ትምህርት ከ1ኛ እስከ 6ኛ ክፍል ሒሳቡም ሳይንሱም የሚሰጠው በአፍ መፍቻ ቋንቋ ነው። የ6ኛ ክፍል ከተማ አቀፍ ፈተናም በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ ነው የሚመጣው። ብዙ የግል ትምህርት ቤቶች ግን ሒሳብና ሳይንስን ከታች ጀምረው ከውጭ በመጡ የእንግሊዝኛ መጻሕፍት ያስተምራሉ። 6ኛ ክፍል ሲደርስ ፈተናው ትዝ ይላቸውና ወደ አማርኛው ይሮጣሉ።

ልጄ ዘንድሮ ለፈተናው ስታጠና የክፍልፋይ ጥያቄ ላይ ቆመች። «እማዬ፣ ታሕት የቱ ነው? ላዕልስ?» አለችኝ። ከመስመሩ በታችና በላይ ያሉትን ቁጥሮች ዲኖሚኔተርና ኑመሬተር ቢሏት ዓይኗን ጨፍና ታሳያለች። ስሌቱን ታውቀዋለች፤ የጥያቄው አማርኛ ነው የጠፋባት። ግንቦትን ሙሉ ማታ ማታ ያወቀችውን ትምህርት በአማርኛ ስም ስናለማምዳት ከረምን። አስቀድመን ጠይቀን ቢሆን ኖሮ ቀስ እያልን ገና 4ኛ ክፍል ሳለች እንጀምረው ነበር። እናንተ ጠይቁ፦ ሒሳብና አካባቢ ሳይንስ በየትኛው መጽሐፍ ነው የሚሰጠው? የመንግሥቱን መጽሐፍ ልጆቹ በእጃቸው ይዘውታል?

«መቶ በመቶ አሳልፈዋል»

በር ላይ የሚሰቀለው ባነር ይሄን ነው የሚለው። ስንት ልጅ ተፈትኖ ነው መቶ በመቶ? 12ም ልጅ ተፈትኖ 12ቱ ካለፉ መቶ በመቶ ነው። የ8ኛ ክፍል ሚኒስትሪ ነው ወይስ የ12ኛ? ደከም ያሉት ልጆች ከፈተናው ዓመት በፊት «ሌላ ቦታ ፈልጉለት» ተብለው ወጥተው ይሆን?

የ12ኛ ክፍል ፈተና ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ መሰጠት ሲጀምር የሆነውን አስታውሱ። የ2014 ተፈታኞች ውጤት ሲወጣ በአገር ደረጃ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። አንድም ተማሪ ያላሳለፉት ትምህርት ቤቶች ከ1,000 በላይ ነበሩ። በ2017 እንኳ ወደ 8.4 በመቶ ነው የደረሰው። ስለዚህ የባነሩን ቁጥር ትታችሁ ያለፉት 3 ዓመታት የተፈታኝና የአላፊ ብዛት በዝርዝር እንዲሰጧችሁ ጠይቁ። የሚኮሩበት ከሆነ ይሰጧችኋል።

«ኬጂ ሳለ ካላነበበ ቀረ»

አልቀረም። ልጅ 1ኛ ክፍል የሚገባው በ7 ዓመቱ ነው። አማርኛ 33 ፊደል በ7 ቤት፣ 231 ነው። የ4 ዓመት ልጅ ይሄን ሁሉ በአንድ ዓመት እንዲጽፍ ሲጠየቅ፣ እርሳሱን ጨብጦ ጣቱ እስኪቀላ ማታ ሲያለቅስ አይቻለሁ። በዚህ ዕድሜ ተረት መስማት፣ መዝለል፣ መቀስ መያዝ፣ ጭቃ መንካት ትምህርት ነው። የኬጂ ግቢ ስታዩ አሸዋና መሮጫ ቦታ ፈልጉ። የቤት ሥራውን ብዛት እንደ ጉብዝና አትቁጠሩት።

«የመንግሥት ትምህርት ቤት አቅም ላጣ ነው»

ይህንን ስሰማ ያመኛል። እዚሁ አራት ኪሎ ያለው ዳግማዊ ምኒልክ ከመቶ ዓመት በላይ አገር ያስተማረ የመንግሥት ትምህርት ቤት ነው። በከተማዋ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ከ2012 ጀምሮ ልጆች ይመገባሉ። ዩኒፎርምና ደብተርም ይሰጣል። የክፍሉ ተማሪ ብዛት ሊያሳስባችሁ ይችላል፤ ሄዳችሁ ቁጠሩ። ሳያዩ ከዝርዝር መሰረዝ ግን ትክክል አይደለም።

«ሰርቪስ አለው፤ ርቀት ችግር የለም»

የልጄ ጓደኛ ቤተሰብ ካዛንቺስ ነበር የሚኖሩት። በ2017 ሰፈሩ ሲነሳ ከመሃል ከተማ ርቆ ያለው ገላን ጉራ ገቡ። እናትየው «ሰፈሩን አጣች፤ ትምህርት ቤቷንም ጓደኞቿንም ልታጣ ነው?» ብላ ልጇን በድሮው ትምህርት ቤቷ አቆየቻት። እኔም ብሆን ያንኑ አደርግ ነበር። ልጅቷ ግን ከሌሊቱ 11 ሰዓት ትነሳለች። ቁርሷን ሰርቪስ ውስጥ ትበላለች። አንዳንድ ቀን እዚያው እንቅልፍ ይወስዳትና ሳትበላው ትደርሳለች። ማታ ቤት ስትገባ ለቤት ሥራ የሚሆን ዓይን የላትም። «ቅዳሜን በእንቅልፍ ነው የምታሳልፈው» አለችኝ እናቷ፤ ድምፅዋ እየተቆራረጠ። ዘንድሮ እዚያው ገላን አጠገባቸው አስገብታታለች። ልጅቷ መጀመሪያ አኮረፈች። አሁን ከትምህርት ቤት በእግሯ ትመጣና ገመድ ትዘላለች።

መሃል ከተማም ብንኖር ነገሩ አይለይም። ሰርቪሱ ልጁን የሚያነሳው ስንተኛ ነው? መጀመሪያ ተነስቶ መጨረሻ የሚወርድ ልጅ በየቀኑ ከተማዋን ሁለቴ ይዞራል። ሹፌሩን እወቁት፣ ረዳት መኖሯን እዩ፣ ልጆቹ ተደራርበው አለመቀመጣቸውንም አረጋግጡ። እኔ ዛሬ በእግር 20 ደቂቃ ከሚያስኬድ በላይ ያለውን አላስብም።

«ክፍያ ከጨመሩ አለቀ»

አላለቀም። ትምህርት ቤቱ ከመጨመሩ በፊት ወላጆችን ጠርቶ መወያየት አለበት። ጉዳዩን የሚቆጣጠረው የከተማው የትምህርትና ሥልጠና ጥራት ቁጥጥር ባለሥልጣን ነው። ችግሩ ስብሰባው ላይ አለመገኘታችን ነው። አንድ ምክር፦ ስብሰባ ላይ የሚዞረውን የፊርማ ወረቀት ከመፈረማችሁ በፊት አናቱ ላይ የተጻፈውን አንብቡ። እኛ አንድ ጊዜ ለመገኘታችን ነው ብለን የፈረምነው «ተስማምተናል» ሆኖ መጣ።

«አንዴ ከገባ መቀየር ልጁን ይጎዳል»

እኔም ይሄን ፈርቼ ነው ያንን ሴሚስተር ሙሉ የታገስኩት። በየካቲት፣ የአንደኛው ሴሚስተር ካርዷ እንደወጣ፣ መልቀቂያዋን ወሰድን። በዓመቱ መሃል ለመውጣት ካርዱ ከእጃችሁ መግባቱ ትልቅ ነገር ነው፤ አዲሱ ትምህርት ቤት የሚጠይቀው እሱን ነው። የከፈልነውን የሦስተኛውን ተርም ብር አልመለሱልንም።

የገባችበት ትምህርት ቤት ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ ነው፤ ታፔላው ራሱ አይታይም። የመጀመሪያ ሳምንት ታለቅስ ነበር። አስተማሪዋ፣ ዕድሜዋ ጠና ያለ ሴት ናት፣ በየቀኑ በምሳ ሰዓት 15 ደቂቃ አጠገቧ አስቀምጣ ፊደሉን ከሀ ጀምራ አስያዘቻት። ማንም አልከፈላትም፤ ማንም አላዘዛትም።

ግንቦት ላይ ከፒያሳ ወደ ቤት በእግር እየመጣን ነበር። እጄን ለቀቀችና አንድ ሱቅ በር ላይ ቆመች። መስኮቱ ላይ በእጅ የተጻፈ ካርቶን ተለጥፏል። ጣቷን ከፊደል ፊደል እያሻገረች፣ «ዱ... ቤ... ዱቤ... የ... ለም» አለች። ከዚያ ዞር ብላ አየችኝ።

«እማዬ፣ ዱቤ ምንድን ነው?»