«ፕሬዝዳንቱ ከፈለገ ሁሉንም ይፈታል» እና ስለ አሜሪካ ይቅርታና ቬቶ በስህተት የሚወሩ ሌሎች ነገሮች

የአሜሪካ ፖለቲካ ሲነሳ የዲሞክራቱም የሪፐብሊካኑም ደጋፊ እኩል የሚሳሳትበት ነገር ቢኖር ይቅርታና ቬቶ (ኮንግረስ ያወጣውን ህግ አልፈርምም ብሎ መመለስ) ነው። ሁለቱም የፕሬዝዳንቱ ስልጣን ስለሆኑ ሰው አንድ ላይ ይደባልቃቸዋል እንጂ ፀባያቸው የተለያየ ነው፣ ይቅርታን ማንም አይሽረውም ግን ድንበር አለው፣ ቬቶን ደግሞ ኮንግረስ መሻር ይችላል ግን አብዛኛውን ጊዜ ድምፁ አይሞላለትም። እስቲ አንድ በአንድ እንያቸው (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆቹ ናቸው)።

«ፕሬዝዳንቱ ማንንም ከማንኛውም ወንጀል ነፃ ያወጣል»

አያወጣም። ህገ መንግስቱ የሰጠው የፌደራል ወንጀልን ብቻ ነው፣ ስቴት የከሰሰው ሰው ጋ እጁ አይደርስም። የትራምፕን የቀድሞ አማካሪ ስቲቭ ባነንን ውሰዱ፣ ለድንበር አጥር ግንባታ ከሰው በተዋጣ ገንዘብ በማጭበርበር በፌደራል ተከሶ ትራምፕ በጥር 2021 ይቅር አለው፣ ተገላገለ ሲባል የኒውዮርክ አቃቤ ህግ በዛው የአጥር ጉዳይ በስቴቱ ህግ ከሰሰውና በ2025 ጥፋተኛ ነኝ ብሎ ጨረሰ። ትራምፕ ራሱም ኒውዮርክ ላይ በ34 ክስ ጥፋተኛ የተባለበትን ፍርድ በይቅርታ ሊሰርዘው የማይችለው ለዚህ ነው፣ መንገዱ ይግባኝ ነው።

ይሄ ነገር ለዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ ሀበሻ በጣም ቅርብ ነው። ዲሲ ስቴት አይደለችም፣ ገዥ የላትም፣ ስለዚህ በዲሲ ህግ የተፈረደበት ሰው ይቅርታ የሚያገኘው ከፕሬዝዳንቱ ነው። አሁን ሶስት ጓደኛሞች በተለያየ ጊዜ ትንሽ ማሪዋና ይዘው ተገኝተው ተፈረደባቸው እንበል፣ አንዱ ዲሲ፣ አንዱ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ አንዱ አሌክሳንድሪያ። ባይደን በጥቅምት 2022 ያወጣው ይቅርታ የዲሲውን ይሸፍነዋል፣ ያውም ዜግነት ወይም ግሪን ካርድ ካለው። የሲልቨር ስፕሪንጉን የባይደን ይቅርታ አይነካውም፣ እሱ የሜሪላንዱ ገዥ ዌስ ሙር በሰኔ 2024 ከ175,000 በላይ የማሪዋና ፍርዶችን ይቅር ሲል ነው የሚጠቀመው። የአሌክሳንድሪያው ደግሞ ቨርጂኒያ ስለሆነ ባይደንም ሙርም ምንም ሊያደርጉለት አይችሉም። በአንድ አካባቢ ውስጥ ሶስት የተለያየ ባለስልጣን ማለት ነው።

«ይቅርታ ከተደረገልኝ ወረቀቴ አይነካም»

ተጠንቀቁ እዚህ ጋ። የኢሚግሬሽን ህጉ ሙሉ ይቅርታ ያገኘን ሰው ከመባረር የሚያድነው ለተወሰኑ የወንጀል አይነቶች ብቻ ነው፣ የአደንዛዥ እፅ ጉዳይ ከነሱ ውስጥ የለም። ስለዚህ ግሪን ካርድ ይዞ የድሮ የማሪዋና ፍርድ ያለበት ሰው ይቅርታ አግኝቻለሁ ብሎ የኢሚግሬሽን ጠበቃ ሳያናግር ትኬት ባይቆርጥ ጥሩ ነው።

«ያልተከሰሰ ሰው እንዴት ይቅርታ ይደረግለታል?»

ይደረግለታል። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1867 ነው የወሰነው፣ ድርጊቱ ከተፈፀመ በኋላ ክስ ከመምጣቱ በፊትም ሆነ ከፍርድ በኋላ ይቅር ማለት ይቻላል። የታወቀው ኒክሰን ነው፣ የተካው ፕሬዝዳንት ፎርድ በመስከረም 1974 ይቅር ሲለው ገና ክስ አልተመሰረተበትም ነበር፣ ፕሬዝዳንት በነበረበት ጊዜ «የፈፀመውን ወይም ፈፅሞ ሊሆን የሚችለውን» ነበር በጅምላ የማረው። ባይደንም ከቢሮ በወጣበት ቀን ለፋውቺና ለጄኔራል ሚሊ ያደረገው ይሄንኑ ነው። የማይቻለው ነገ ለሚሰራ ወንጀል ዛሬ ይቅርታ መስጠት ነው።

«ይቅርታ ማለት ፍርዱ ተሰረዘ፣ ሰውየው ንፁህ ነው ማለት ነው»

ይቅርታና ቅጣት ማቅለል አንድ አይደሉም፣ ይቅርታውም ቢሆን ሰውየው አላጠፋም ብሎ አይመሰክርም። ጥር 20 ቀን 2025 ትራምፕ በ2021 ኮንግረስ የሚሰበሰብበትን ካፒቶል በመውረር የተከሰሱ 1,500 ገደማ ሰዎችን ፈታ ሲባል ሁሉም አንድ አይነት ነገር ያገኘ ይመስለናል፣ ግን 14ቱ ያገኙት ቅጣት ማቅለል ነው። የፕራውድ ቦይስ ቡድን መሪ የነበረው ታሪዮ 22 ዓመት ተፈርዶበት ሙሉ ይቅርታ አገኘ፣ የኦዝ ኪፐርስ ቡድን መሪ የነበረው ስቱዋርት ሮድስ ግን 18 ዓመቱ አጠረለትና ወጣ እንጂ የጥፋተኝነት ውሳኔው በዛን ቀን አልተነሳለትም።

«ይሄን በይቅርታ መነገድ የጀመሩት እነሱ ናቸው»

እነሱ የሚባሉት እንደ ተናጋሪው ይለያያሉ መቼም። አባትየው ቡሽ በ1992 ምርጫ ከተሸነፈ በኋላ በገና ዋዜማ የኢራን ኮንትራ (በድብቅ ለኢራን መሳሪያ የመሸጥ ቅሌት) ሰዎችን ይቅር አለ፣ ከነሱ አንዱ የመከላከያ ሚኒስትር የነበረው ዋይንበርገር ገና ፍርድ ቤት ሊቀርብ ሲል ነው። ክሊንተን በመጨረሻዋ ቀኑ ከአገር የኮበለለውን ቱጃር ማርክ ሪችን ይቅር አለ፣ የራሱ ፓርቲ ሰዎች ሳይቀሩ አዘኑበት። ባይደን ልጄን ሃንተርን ይቅር አልልም አልልም ሲል ከርሞ በታህሳስ 2024 ወደ 11 ዓመት የሚጠጋውን በሙሉ ጠራርጎ ማረው። በብዛት ካየነው የ2025ቱ የካፒቶል ይቅርታ ከነዚህ ከሶስቱ ይበልጣል፣ ያን መካድ አይቻልም፣ ግን ትላንት በሃንተር ሲጮህ የነበረው ዛሬ ዝም ሲል፣ ትላንት ዝም ያለው ዛሬ ሲጮህ ማየት ሰልችቶናል።

«ቬቶ ከተደረገ ህጉ ሞተ»

ህጉ ወደመጣበት ምክር ቤት ይመለሳል፣ ሁለቱም ምክር ቤቶች በየራሳቸው በሁለት ሶስተኛ ድምፅ ካፀደቁት ያለ ፕሬዝዳንቱ ህግ ይሆናል። በተግባር ግን ከ1789 እስከ ባይደን መጨረሻ ከ2,500 በላይ ቬቶ ተደርጎ የተሻረው 112 ብቻ ነው። ፍራንክሊን ሩዝቬልት ብቻውን 635 አድርጎ የተሻረበት 9 ነው። ስለዚህ ስልጣኑ ከቬቶው ይልቅ ማስፈራሪያው ላይ ነው፣ አይፈርምም ከተባለ ገና ሳይቀርብ ህጉን ያለሳልሱታል።

ደሞ ሁሌ በፓርቲ ብቻ አይደለም የሚሰለፉት። በ1986 ኮንግረስ በአፓርታይድ ደቡብ አፍሪካ ላይ ማዕቀብ የሚጥል ህግ ሲያወጣ ሬገን ቬቶ አደረገው። ያኔ ሴኔቱ በራሱ በሬገን ፓርቲ እጅ ነው። ተወካዮቹ 313 ለ 83 ሻሩት፣ ቀጥሎ ሴኔቱ 78 ለ 21፣ ከ78ቱ ውስጥ 31ዱ ሪፐብሊካኖች ናቸው፣ ነገሩን ከፊት ሆኖ የገፋውም ሪፐብሊካኑ ሉጋር ነው። ያውም ሬገን በጣም ተወዳጅ በነበረበት ጊዜ፣ ዛሬ እንዲህ አይነት ነገር ይደገማል ብዬ አልጠብቅም።

«ያልወደደውን አንቀፅ ብቻ ቆርጦ ቀሪውን ይፈርማል»

አብዛኞቹ የስቴት ገዥዎች በበጀት ላይ ይችላሉ፣ ፕሬዝዳንቱ አይችልም። በ1996 የሪፐብሊካኖቹ ኮንግረስ ለዲሞክራቱ ክሊንተን ይሄን ስልጣን በህግ ሰጥቶት ነበር (አዎ፣ ለተቃራኒ ፓርቲ ሰው) ግን ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1998 6 ለ 3 አፈረሰው።

«ካልፈረመ ቬቶ አደረገ ማለት ነው»

እንደሁኔታው ነው። እሁድን ሳይቆጥር 10 ቀን አለው፣ ኮንግረስ በስራ ላይ እያለ ሳይፈርምም ሳይመልስም 10 ቀኑ ካለፈ ህግ ይሆናል። በመሃል ኮንግረሱ ስራውን ዘግቶ ከተበተነ ግን ህጉ ኪሱ ውስጥ ቀርቶ ይሞታል፣ ይሄ አይነቱ ቬቶ ደግሞ አይሻርም፣ ከፈለጉ ከሀ ጀምረው አዲስ ህግ ማውጣት ነው። ፕሬዝዳንት ግሮቨር ክሊቭላንድ በሁለቱ ዘመኑ 584 ጊዜ ቬቶ ያደረገ ሰውዬ ነው፣ በ1894 ግን የገዛ ፓርቲው ሴናተሮች የታሪፍ ህጉን አበላሽተው ሲያመጡለት ተናዶ አልፈርምም አለ፣ ቬቶም አላደረገውም፣ ዝም ብሎ 10 ቀኑን አሳለፈና ያለ ፊርማው ህግ ሆነ።