ሲሲ ምንድን ነው? ያገለገለ መርሴዲስ ወይም ቢኤምደብሊው ለሚገዛ ሰው

ያገለገለ መኪና ሊገዛ የወጣ ሰው ስለ ሞዴል ዓመቱ ከጠየቀ በኋላ ብዙውን ጊዜ የሚያስከትለው ጥያቄ «ስንት ሲሲ ነው?» የሚል ነው። ደላላውም ቁጥሩን ነግሮት፣ ትንሽ ከሆነ «ነዳጅ ቆጣቢ ነው»፣ ትልቅ ከሆነ ደግሞ «ጉልበታም ነው» ብሎ ያልፋል። ሁለቱም አባባሎች ለቪትዝና ለኮሮላ ብዙም አይሳሳቱም፤ መርሴዲስና ቢኤምደብሊውን ወደመሳሰሉ የቅንጦት መኪኖች ሲመጣ ግን ገዢውን ወደ ስሕተት ይመሩታል።

ሲሲ የኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር ምሕጻር ሲሆን፣ የሚለካው እያንዳንዱ ፒስተን በሲሊንደሩ ውስጥ ከታች ወደ ላይ ሲጓዝ የሚጠርገው ቦታ በሲሊንደሮቹ ቁጥር ተባዝቶ ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 የወጣውን የመርሴዲስ ሲ 200 ኮምፕሬሰር ብንወስድ፣ የሲሊንደሩ ስፋት 82 ሚሊ ሜትር፣ የፒስተኑ ጉዞ 85 ሚሊ ሜትር በመሆኑ አንዱ ሲሊንደር 449 ሲሲ ገደማ፣ አራቱ በአንድነት 1796 ሲሲ ይሆናሉ። እንግዲህ ሲሲ የሚነግረን ሞተሩ ምን ያህል አየር የመያዝ አቅም እንዳለው ብቻ ነው፤ ጉልበቱ የሚወሰነው በዚያ ቦታ ውስጥ በእርግጥ በሚገባው አየርና ከእሱ ጋር በሚቃጠለው ነዳጅ መጠን ነው።

በዚያው ዘመን ሲ 180 ኮምፕሬሰር በዚሁ ባለ 1796 ሲሲ ሞተር ተሠርቶ 156 የፈረስ ጉልበት ሲሰጥ፣ ሲ 200 ግን 184 ይሰጥ ነበር። ሲሲው አንድ ሆኖ ጉልበቱ የተለያየው ሁለቱም አየር በግፊት የሚያስገባ ኮምፕሬሰር ስላላቸውና አስተካከሉ ስለሚለያይ ነው። በመኪናው የኋላ ኮፈን ላይ የተለጠፈው ቁጥርማ ከናካቴው ሌላ ጉዳይ ሆኗል። በአሜሪካ ገበያ እስከ 2011 እ.ኤ.አ. የተሸጠው ባለ አራት በር ቢኤምደብሊው 328 አይ ባለ ስድስት ሲሊንደር፣ 3 ሊትር (3000 ሲሲ ገደማ)፣ ቱርቦ (በጭሱ ኃይል እየዞረ አየር በግፊት የሚያስገባ መሣሪያ) የሌለው ሞተር ነበረው፤ በ2012 እ.ኤ.አ. ሞዴል የተተካው 328 አይ ግን ባለ አራት ሲሊንደር፣ 2 ሊትር፣ ባለ ቱርቦ ሞተር ነው። ስሙ አንድ፣ ሞተሩ ግን ፈጽሞ ሌላ ነው። ስለዚህ ሻጩ «328 ነው» ሲል መልሱ «ሞተሩስ የትኛው ነው?» መሆን አለበት፤ የሊብሬውን ሲሲ ማየት፣ ከተቻለም የሞተሩን መለያ ኮድ ማረጋገጥ ይገባል።

አዲስ አበባ ለሚነዳ ሰው ከዚህ ሁሉ የሚበልጠው ጉዳይ ከፍታው ነው። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍ ብላ የምትገኝ በመሆኗ አየሩ ስስ ነው፤ በዚህ ምክንያት ቱርቦም ኮምፕሬሰርም የሌለው ሞተር በፋብሪካ ከተጻፈለት ጉልበት ከ20 እስከ 25 በመቶ ያህሉን ያጣል። በወረቀት 218 የፈረስ ጉልበት ያለው ባለ 2497 ሲሲ ቢኤምደብሊው 325 አይ እዚህ የሚሰጠው ከ165 እስከ 175 ገደማ ነው ማለት ነው። ቱርቦ ያለው ሞተር ግን ስሱን አየር ጨምቆ ስለሚያስገባ ከጠፋው ብዙውን ይመልሳል፤ ስለዚህ 184 የፈረስ ጉልበት ያለው ባለ ቱርቦ፣ ባለ 2 ሊትር 320 አይ በባሕር ዳርቻ ከተማ በ325 አይ ቢቀደምም፣ እዚህ ሊስተካከለው ወይም ሊበልጠው ይችላል። ይህ ሲባል ግን አንድ ነገር መዘንጋት የለበትም፦ ቱርቦው በቂ ግፊት እስኪፈጥር ድረስ ባለው ጊዜ ሞተሩ ቱርቦ እንደሌለው ነው፤ በዚህ ከፍታ ባለ 2 ሊትሩ በዚያች ቅጽበት የሚሠራው እንደ 1.6 ሊትር ሞተር ነው። በትራፊክ መሐል ቆም ሄድ ለሚል ሰው ይህ መዘግየት በየደቂቃው ይሰማዋል።

ስለ ግብር ብዙ መናገር አያስፈልግም። 1300 እና 1800 ሲሲ የሚባሉት ወሰኖች በገዢዎች አእምሮ የተቀረጹት የኤክሳይስ ታክስ በእነሱ ስለሚከፋፈል ነው፤ በ2012 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ለአዲስ መኪና እስከ 1300 ሲሲ 5 በመቶ፣ እስከ 1800 ሲሲ 60 በመቶ፣ ከዚያ በላይ 100 በመቶ ጥሏል። ነገር ግን በ2016 ዓ.ም. የቤንዚንና የናፍጣ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ስለተከለከለ፣ የሚገዛው አገር ውስጥ ያለው መኪና ነው፤ ግብሩም ቀድሞ ተከፍሎ በዋጋው ውስጥ ተቀምጧል።

ከሲሲው ይልቅ ኪስ የሚጎዳው የሞተሩ የታወቀ በሽታ ነው። ከላይ የጠቀስኩት የ1796 ሲሲ መርሴዲስ ሞተር የታይሚንግ ሰንሰለቱ (የቫልቮቹን መከፈትና መዘጋት ከፒስተኖቹ ጋር የሚያስማማው) እየተለጠጠ የማስቸገር ዝና አለው፤ የቢኤምደብሊው ባለ 2 ሊትር ቱርቦ ቤንዚን ሞተር ደግሞ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የሰንሰለቱ ፕላስቲክ መሪ እየተሰበረ ያስቸግር ነበር። ትልቁም ቢሆን ዋስትና የለውም፤ እስከ 2008 እ.ኤ.አ. ገደማ የተሠሩት የመርሴዲስ ባለ ስድስት ሲሊንደር ቪ ሞተሮች አንዳንዶቹ የማመጣጠኛ ዘንጋቸው (የሞተሩን ንዝረት የሚያስታግሰው) ጥርስ ስለሚበላ፣ ጥገናው ሞተሩን ማውረድ ይጠይቃል።

በእኔ ግምት የዘይት ለውጡ በመዝገብ የተያዘ መኪና ካገኙ ባለ 2 ሊትር ቱርቦው ለዚህ ከፍታ የሚስማማው ነው። መዝገብ ከሌለው ግን የነዳጅ ወጪው ቢጨምርም፣ ቱርቦ የሌለውን ባለ ስድስት ሲሊንደር የቢኤምደብሊው ሞተር እመርጣለሁ፤ የቱርቦ ሞተር በዘይት ቸልተኝነት ቶሎ ይቀጣል፣ የመኪናው ኮምፒውተር የሚፈቅደው ረጅም የዘይት ዕድሜም ለአቧራችንና ለትራፊካችን የተሰላ አይደለም፤ ግማሹን ይቁጠሩ።

ከመግዛትዎ በፊት ባለቤቱ ሞተሩን ሳያሞቅ በጠዋት ይድረሱበት፤ ሲነሳ ለጥቂት ሰከንዶች የሚንኳኳ ድምፅ ከሰሙ ሰንሰለቱን ያስመርምሩ። ከዚያ አራት ሰው ጭነው፣ ማቀዝቀዣውን ከፍተው፣ ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ ይውጡ፤ በዝቅተኛ ዙር ሞተሩ ሲጎትትና ሲደክም የሚሰማዎት ልዩነት ከሊብሬው ቁጥር የበለጠ ይነግርዎታል።