የሥዕል ክፍሉና የኮምፒውተር ክፍሉ፦ በከተማ ዳር ያሉ ትምህርት ቤቶች ገንዘብ እንዴት ያሰባስባሉ?

ቱሉ ዲምቱ፣ ቦሌ አራብሳ፣ የካ አባዶ። በእነዚህ የአዲስ አበባ ዳርቻዎች ኮንዶሚኒየሙ ቀድሞ ሰው ገባበት፤ ሌላው ነገር ኋላ ኋላ ተከተለ። ትምህርት ቤቱም እንደዚያው ነው። መማሪያ ክፍል ይሠራል፣ የሥዕል ክፍል ግን እንደ ቅንጦት ይቆጠራል።

አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት የክወናና እይታ ጥበባትን (ሙዚቃ፣ ቴአትር፣ ሥዕልና የመሳሰሉትን) ከታችኛው ክፍል ጀምሮ ያስተምራል፤ ኢንፎርሜሽን ቴክኖሎጂም ከፍ ሲል ይመጣል። መጽሐፉ አለ። ቀለሙ፣ ክራሩና ኮምፒውተሩ ግን ከመጽሐፉ ጋር አይታደሉም።

መንግሥት በተማሪ ቁጥር የሚሰላ ድጎማ ይሰጣል፤ እሱ በወረቀት፣ በጠመኔና በጥገና ያልቃል። የቀረው በወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረት ትከሻ ላይ ይወድቃል። ትምህርት ሚኒስቴር የጀመረው «ትምህርት ለትውልድ» ንቅናቄም የሚቀሰቅሰው ይህንኑ መዋጮ ነው፤ ከብር ሌላ ሲሚንቶ፣ አሸዋና ጉልበትም ይቆጠራል። ገንዘቡ በትምህርት ቤቱ የባንክ ሂሳብ ይገባል፣ በጣምራ ፊርማ ይወጣል። ባዛር ቀላል ነው፤ ቶምቦላ ግን የብሔራዊ ሎተሪ ፈቃድ ይጠይቃል፣ ብዙ ኮሚቴ ይህን የሚያስታውሰው ትኬቱን ካሳተመ በኋላ ነው።

ከሁሉም የሚያዋጣው የወላጆች ቀን ይመስለኛል። ሚኒ ሚዲያው ማይኩን እያንጫጫ ፕሮግራሙን ይከፍታል። አንዲት የስድስተኛ ክፍል ልጅ ክራር ይዛ ትወጣለች። አባቷ መጀመሪያ ስልኩን ያወጣል ሊቀርጻት፤ ቀጥሎ ኪሱን ይዳብሳል። ጥሪ ደብዳቤ እንዲህ አያደርግም።

ለኮምፒውተር የሚሰጥ አይጠፋም። መሥሪያ ቤቶች ያገለገሉትን ሲለቁ ትምህርት ቤት ይደርሳሉ፣ ፎቶም ይነሳባቸዋል። ችግሩ ከዚያ በኋላ ነው። መብራት እየሄደ ሲመጣ ለኮምፒውተሩ ኃይል የሚያቀብለው ፓወር ሰፕላይ ይቃጠላል፤ የአቧራው ነገር አይነሳ። መለዋወጫ የሚገዛ በጀት ስለማይያዝ ከሃያው አምስቱ ሲሠሩ፣ የቀሩት ጨርቅ ለብሰው ይቀመጣሉ። ቁልፉ አንድ መምህር ኪስ ውስጥ ነው፤ እሱ ሲዛወር ክፍሉም ይዘጋል። ስለዚህ ነቃ ያሉ ኮሚቴዎች ከሚሰበስቡት ላይ ለጥገና ቀድመው ይቀንሳሉ፣ የመብራቱን መዋዠቅ የሚያስተካክል ስታቢላይዘርም አብረው ይገዛሉ።

ለጥበቡ ግን ለጋሽ በጣም ጥቂት ነው፣ ወጪውም ያንኑ ያህል ትንሽ። ክራር ከእንጨት፣ ከቆዳና ከአምስት ወይም ስድስት ክር ይሠራል። ሰፈር ውስጥ አናጢ ወላጅ ካለ ግማሹ ሥራ አለቀ፤ የሚቀረው ቅኝቱን የሚያውቅ መምህር ማግኘት ነው።