ብራክቴያት ምንድን ነው?

ማርትሬዛ ብር ጨብጦ የሚያውቅ ሰው ብራክቴያትን ቢያይ ገንዘብ ነው ብሎ ለማመን ይቸገራል። ማርትሬዛው 28 ግራም የሚመዝን ድፍን ብር ነው፤ ብራክቴያት ግን አብዛኛውን ጊዜ አንድ ግራም እንኳ አይሞላም። ጠበቅ አድርገው ከያዙት ይጎብጣል፣ ይሰነጠቃል። ያም ሆኖ በ12ኛውና በ13ኛው መቶ ዘመን በብዙ የጀርመን ግዛቶች ገበያ የሚወጣው በዚህ ስስ የብር ሳንቲም ነበር።

ስሙ ስስ የብረት ቅጠል ከሚል የላቲን ቃል የመጣ ነው። ያወጡለትም ከዘመናት በኋላ የመጡ አጥኚዎች ናቸው፤ ለገበያተኛው ያው ፌኒግ፣ ማለትም የተለመደው የጀርመን ሳንቲም ነበር።

ሲሠራ ስሱ ብር ቆዳን በመሰለ ለስላሳ ነገር ላይ ይነጠፋል፤ ሥዕል የተቀረጸበት ማተሚያ ከላይ ይደረግና በመዶሻ ይመታል። ሥዕሉ ከፊት ጎልቶ ይወጣል፤ ቢገለብጡት ያው ሥዕል ወደ ውስጥ ጎድጉዶ ይታያል።

ያስቀርጹት የነበሩት ንጉሠ ነገሥቱ ብቻ አልነበሩም። ጳጳሳት፣ የየአውራጃው መሳፍንት፣ የክቬድሊንቡርግ ገዳም እመምኔቶች ሳይቀሩ የየራሳቸው ነበራቸው። ከሁሉ ልቤን የሚነካው የሃልበርሽታት ጳጳሳት ሳንቲም ነው። የካቴድራላቸው ጠባቂ ቅዱስ እስጢፋኖስ ስለሆነ፣ ሲወገር የሚያሳየው ሥዕል በዚያች ቅጠል ላይ ተቀርጿል። የእኛ ሰው የቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ የሚያውቀውን ታሪክ እዚያ ገበሬው እህል ይሸምትበት ነበር።

ውበቱ ግን ሕዝቡን ብዙ አስከፍሎታል። ገዢው ሳንቲሙን በየጊዜው ይሽርና አሮጌው በአዲስ እንዲለወጥ ያዛል። የተለመደው ምጣኔ 12 አሮጌ በ9 አዲስ ነበር፤ ሩቡ ለገዢው ይቀራል ማለት ነው። በማግደቡርግ በሊቀ ጳጳስ ቪክማን ዘመን ይህ በዓመት ሁለት ጊዜ ይደረግ ነበር። ሳንቲሙ እንዲህ የሳሳውም ለዚሁ ይመስለኛል፤ ከወራት በኋላ ለሚሻር ገንዘብ ጥንካሬ ማን ያስባል? ብር ማጠራቀም ኪሳራ ሆነ፤ ነጋዴውም ተማረረ።

በመጨረሻ ከተሞች ለገዢዎቻቸው ገንዘብ ከፍለው ከለውጡ ነፃ መውጣት ጀመሩ። የሊዩነቡርግ መስፍን እ.ኤ.አ. በ1293 የገንዘብ መቅረጫ ቤቱን ለአገሩ ባላባቶችና ለከተማዋ ሸጡ። እንዲህ ከመሻር የዳነውን ሳንቲም ጀርመኖች “ዘላለማዊ ፌኒግ” አሉት።