ታሪካዊ ልቦለድ ምንድን ነው?

ታሪካዊ ልቦለድ ደራሲው ያልኖረበትን ዘመን ከመዛግብትና ከሰው አፍ ለቃቅሞ፣ ፈጥሮ ባቆማቸው ሰዎች አማካይነት ሕያው አድርጎ የሚያቀርብበት የልቦለድ ዓይነት ነው። የተለመደው ፍቺ እዚህ ላይ ያበቃል። ይህን ዓይነት መጽሐፍ አጥብቄ የምወድ አንባቢ ነኝና ፍቺው አንድ ዋና ነገር ጎድሎታል እላለሁ። አንድ ልቦለድ ድርጊቱ ድሮ ስለተፈጸመ ብቻ ታሪካዊ አይሆንም። ታሪካዊ የሚያሰኘው በገጸ ባሕርያቱ ላይ የሚደርሰውን ነገር የሚያደርሰው ዘመኑ ራሱ ሲሆን ነው።

መፈተኛው ቀላል ነው። ታሪኩን ከነሰዎቹ አንስታችሁ ወደ ዛሬ አምጡት። ልብሱን፣ ፈረሱንና ጎራዴውን ብቻ ቀይራችሁ ፍቅሩም፣ ጠቡም፣ መጨረሻውም እንዳለ ከቀጠለ፣ ዘመኑ ከጀርባ የተሰቀለ መጋረጃ ነበር ማለት ነው። ታሪኩ ዛሬ ላይ አልቆም ካለ፣ ሰዎቹ የሚፈሩትን የሚፈሩት፣ የሚመኙትንም የሚመኙት በዚያ ጊዜ በመኖራቸው ከሆነ ግን እጃችሁ ላይ ያለው እውነተኛ ታሪካዊ ልቦለድ ነው። በዚህ ፈተና ከሚወድቁት መካከል ጥሩ የፍቅር ታሪክ ወይም ጥሩ የጀብዱ ታሪክ የሆኑ ሞልተዋል። በዚያ ስማቸው ቢጠሩ ክብራቸው አይቀንስም።

አንድ ነገር «ድሮ» ለመባል ስንት ዓመት ያስፈልገዋል? በስኮትላንዳዊው ደራሲ በዋልተር ስኮት ስም የተሰየመውና ከ2010 ጀምሮ የሚሰጠው የብሪታንያ የታሪካዊ ልቦለድ ሽልማት መስመሩን 60 ዓመት ላይ አስምሮታል፤ የታሪኩ አብዛኛው ክፍል ቢያንስ ከዚያ በፊት የሆነ መሆን አለበት። (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ቁጥሩ የመጣው ከራሱ ከስኮት ነው። በ1814 ስሙን ደብቆ ያሳተመው «ዌቨርሊ» ገና በንዑስ ርእሱ ነገሩ ከስልሳ ዓመት በፊት የሆነ መሆኑን ይናገራል። ጉዳዩ በ1745 ስኮትላንድ ውስጥ የተነሣው፣ ከዙፋን የወረደውን የስቱዋርት ቤት ለመመለስ የተሞከረበት አመፅ ነው። ስኮት የተወለደው በ1771 በመሆኑ አመፁን አላየም፤ በአመፁ የተዋጉ ሽማግሌዎችን ግን አግኝቶ ሲያወጉ ሰምቷል። ስልሳ ዓመት እንግዲህ የዓይን ምስክሮቹ እየተመናመኑ፣ ግን ጨርሰው ያላለቁበት ርቀት ነው። ደራሲው ትዝታን ትቶ ወደ ምርምር የሚዞርበት መታጠፊያ ይህ ነው፤ ቁጥሩ ሃምሳ ወይም ሰባ ቢሆን ብዙም አልከራከርም።

ከዚህ ጋር ተያይዞ ብዙ ጊዜ የሚምታታ ነገር አለ። አሮጌ ልቦለድ ሁሉ ታሪካዊ ልቦለድ አይደለም። የስኮት ዘመን እንግሊዛዊት ደራሲ ጄን ኦስተን የጻፈችው ስለ ራሷ ዘመን ነው። ሠረገላውና ጭፈራው ለእኛ ታሪክ ቢሆንም ለእሷ የትናንት ማታ ወሬ ነበር። ልዩነቱ በአጻጻፉ ይታያል። ስለ ራሱ ዘመን የሚጽፍ ደራሲ ዕቃውንም ልማዱንም አያብራራም፤ አንባቢው ያውቀዋልና። ስለ ሩቅ ዘመን የሚጽፈው ግን አንባቢው የማያውቀውን ዓለም ማስረዳት አለበት፤ ሲያስረዳም መታየት የለበትም። ሁለት ወታደሮች እየተጫወቱ አንዱ ለሌላው ሁለቱም አሳምረው የሚያውቁትን የንጉሣቸውን የዘር ሐረግ ሲዘረዝርለት ካነበባችሁ፣ ደራሲው ማስታወሻ ደብተሩን በገጸ ባሕርዩ አፍ እያነበበላችሁ ነው። እኔ እንዲህ ያለ ምልልስ ሲደጋገም መጽሐፉን እዘጋለሁ። ምርምር የሚፈለገው ደራሲው እንዳይሳሳት ነው፤ ከሰበሰበው ውስጥ ገጹ ላይ የሚቀረው ጥቂቱ ብቻ ሲሆን ልቦለዱ ይተነፍሳል።

ዘመኑ ራሱ የታሪኩ ምክንያት ሲሆን ምን እንደሚመስል ከጣሊያናዊው ከአሌሳንድሮ ማንዞኒ «እጮኛሞቹ» የበለጠ የሚያሳይ መጽሐፍ አላውቅም። የወጣው በ1827 ነው፤ የሚተርከው የሰሜን ጣሊያኗ ሎምባርዲ በስፔን አገዛዝ ሥር ስለነበረችባቸው ከ1628 እስከ 1630 ስላሉት ዓመታት ነው። ሬንሶና ሉቺያ የሚባሉ ሁለት ተራ የገጠር ሰዎች ሊጋቡ ቀጠሮ ይዘዋል። ልጅቷን የተመኘ አንድ ባላባት ግን የታጠቁ አሽከሮቹን ልኮ ቄሱን ያስፈራራዋል፤ ጋብቻው አይፈጸምም ይሉታል። እዚህ ድረስ የትም፣ መቼም ሊሆን የሚችል ታሪክ ነው። እዚህ ላይ ማንዞኒ ያደረገው ነገር ሁልጊዜ ይደንቀኛል። ትረካውን አቁሞ፣ ከ1583 ጀምሮ ገዢዎቹ እንደነዚህ ባሉ አሽከሮች ላይ ያወጧቸውን እውነተኛ አዋጆች ተራ በተራ ይጠቅሳል። እያንዳንዱ አዋጅ ከቀደመው ይልቅ ይቆጣል፣ ይዝታል። አንባቢው ግን ወዲያው ይገባዋል፦ አዲስ አዋጅ ያስፈለገው የበፊቱ ስላልሠራ ነው። ሕጉ በወረቀት ላይ እያገሳ መሬት ላይ የለም። ቄሱ ፈሪ ነው፤ ግን ለምን እንደፈራ አሁን እናውቃለን። ያ ደካማ ሥርዓት የሁለቱን ልጆች ሠርግ አፈረሰው። ከዚያም የዳቦ እጦት ያስነሣው የሚላኖ ሁከት ሬንሶን ይውጠዋል፤ በ1630 የተስፋፋው ወረርሽኝም የሁሉንም ዕጣ ይገለብጠዋል። ይህን ታሪክ ከዓመቱ ነቅላችሁ ሌላ ቦታ ልትተክሉት ብትሞክሩ ሥሩ በእጃችሁ ላይ ይበጣጠሳል።

ሌላው የዘርፉ መለያ መሐል ላይ የሚቆመው ሰው ማንነት ነው። ሀንጋሪያዊው ሃያሲ ጆርጅ ሉካች በ1930ዎቹ ስለ ታሪካዊ ልቦለድ በጻፈው መጽሐፍ እንዳመለከተው፣ የስኮት ዋና ገጸ ባሕርያት ነገሥታትና የጦር አበጋዞች ሳይሆኑ በሁለት ወገን መካከል የሚዋልሉ መካከለኛ ሰዎች ናቸው። ታላላቆቹ በጎን ብቅ ብለው ይሄዳሉ። ይህ ብልሃት በቶልስቶይ «ጦርነትና ሰላም» ውስጥ ከፍተኛው ደረጃ ላይ ደርሷል። በ1812 ሩሲያውያን ከናፖሊዮን ሠራዊት ጋር በገጠሙበት የቦሮዲኖ ውጊያ ዕለት ፒየር ቤዙሆቭ፣ ከሠራዊቱ ጋር ምንም የሥራ ድርሻ የሌለው ሲቪል ሰው፣ ነጭ ባርኔጣ ደፍቶና አረንጓዴ ኮት ለብሶ መድፎቹ መካከል ይዞራል። ወታደሮቹ መጀመሪያ ይገረሙበታል፣ በኋላ ይወዱታል፤ ጥቂት ቆይቶ ብዙዎቹ ወድቀው ያያል። ውጊያው በማን አሸናፊነት እየሄደ እንደሆነ አያውቅም። እዚያ ካለው ሰውም የሚያውቅ የለም። ቶልስቶይ በክራይሚያ ጦርነት ሴቫስቶፖል ውስጥ በመኮንንነት አገልግሎ ጭሱን ቀምሷል፤ ይህን ክፍል ለመጻፍም በ1867 ወደ ቦሮዲኖ ሜዳ ሄዶ ቦታውን ተመልክቷል። የታሪክ መጽሐፍ ክንፎቹንና ሰዓቶቹን አስተካክሎ ያሳየናል። ልቦለዱ የሚያሳየን ደግሞ ያ ሥዕል በዚያች ሰዓት በማንም ዓይን ውስጥ እንዳልነበረ ነው።

ከዚህ የሚከተል አንድ ጥያቄ አለ፤ መጨረሻው የሚታወቅ ታሪክ እንዴት ልብ ይሰቅላል? የብርሃኑ ዘሪሁንን «የቴዎድሮስ እንባ» ወይም የአቤ ጉበኛን «አንድ ለናቱ» የሚያነሣ አንባቢ መቅደላን ገና ሽፋኑ ላይ ያውቃታል። እንደዚሁም የሂላሪ ማንተልን «ዎልፍ ሆል» የሚጀምር ሰው የእንግሊዝ ንጉሥ የሄንሪ ስምንተኛ ሹም ቶማስ ክሮምዌል በ1540 በንጉሡ ትእዛዝ አንገቱ እንደሚቀላ ቀድሞ ሰምቷል። ማንተል ለዚህ ያገኘችው መልስ የግሥ ጊዜው ላይ ነው። በ«ዎልፍ ሆል» የሚጀምሩትን ሦስቱንም ቅጾች በአሁን ጊዜ ጻፈቻቸው፤ ክሮምዌል ይገባል፣ ያያል፣ ያስባል። ለእሱ ነገ ገና አልተጻፈም። እኛ የምናውቀውን እሱ አለማወቁ እያንዳንዱን ተራ ማዕድና እያንዳንዱን ቀልድ ያከብደዋል። ልቤን የሚሰቅለው «ምን ይሆን?» የሚለው መሆኑ ይቀርና «ይህን ሲመርጥ ምን እያሰበ ነበር?» የሚለው ይሆናል። ሁለተኛው ጥያቄ ከመጀመሪያው ይልቅ ደጋግሞ መነበብን ይችላል።

ስለ እውነትነት ክርክሩ ብዙ ነው። ደራሲው ምን ያህል መፍጠር ይፈቀድለታል? እኔ ስህተቶችን ለሁለት እከፍላለሁ። አንደኛው የዕቃ ስህተት ነው። ሼክስፒር በ«ጁሊየስ ቄሳር» ተውኔቱ ውስጥ በጥንታዊቷ ሮማ ሰዓት ያስደውላል፤ የሚደውል መካኒካል ሰዓት ግን በዚያ ዘመን አልነበረም። ተውኔቱ በዚህ አልወደቀም። እንዲህ ያለውን እየቆጠሩ መጽሐፍ የሚጥሉ አንባቢዎች አሉ፤ እኔ ይቅር እላለሁ። ይቅር የማልለው የአእምሮ ስህተትን ነው፦ ገጸ ባሕርዩ የዘመኑን ልብስ ለብሶ የእኛን ሐሳብ ሲያስብ። በዙሪያው ያለው ሰው ሁሉ ጨለማ ውስጥ ሆኖ እሱ ብቻ፣ ያለ ምንም ምክንያት፣ ስለ ሃይማኖትም፣ ስለ ጋብቻም፣ ስለ ሥልጣንም ልክ እንደ ዛሬ አንባቢ ያስባል። እንዲህ ያለ ሰው ያስደስተናል፤ ትክክል መሆናችንን ይነግረናልና። ያ ዘመን እንዴት እንዳሰበ ግን ምንም አይነግረንም።

ይህ ማለት በየዘመኑ ተቃዋሚ አልነበረም ማለት አይደለም። በ1630 ሚላኖ ውስጥ ወረርሽኙን የሚያዛምቱት ግድግዳ ላይ መርዝ የሚቀቡ ሰዎች ናቸው ተብሎ በሰፊው ታመነ፤ የተማሩትም አመኑ። አንድ የጤና ሹምና አንድ ፀጉር አስተካካይ በዚሁ ክስ ተሰቃይተው ተገደሉ። ማንዞኒ ስለዚህ ሲጽፍ በልባቸው የተጠራጠሩ ሰዎች እንደነበሩ፣ ግን የብዙኃኑን ስሜት ፈርተው ዝም እንዳሉ ያስታውሳል። እኔ የምፈልገው ይህን ነው። ተጠራጣሪው ይኑር፤ ፍርሃቱም ይኑር። የሚቃወም ካለም በዘመኑ መሣሪያ፣ ማለትም በቅዱስ መጽሐፍ፣ በሕግ፣ በአባቶች ልማድ ይቃወም።

የገጸ ባሕርያቱ አነጋገርም ከዚሁ ጋር ይሄዳል። ጥንታዊ ቃል በየመስመሩ መደርደር ዘመን አይፈጥርም፤ አንባቢን ያደክማል። የዛሬ የመንገድ ቋንቋም ያፈርሰዋል። የተሳካላቸው ደራሲዎች ቃሉን ለእኛ ግልጽ አድርገው፣ አክብሮቱን፣ መሐላውንና የዝምታውን ቦታ ከዘመኑ ይወስዳሉ።

ከሁሉም የከበደው ወቀሳ የመጣው ከዘርፉ ውስጥ ነው። ማንዞኒ በ1850 ባወጣው ድርሳን ታሪክንና ፈጠራን ማደባለቅ የማይታረቅ ነገር መሆኑን ተከራከረ። ደራሲው እውነተኛውን ከተፈጠረው ለይቶ ካሳየ የታሪኩ አንድነት ይፈርሳል፤ ካልለየ አንባቢው ይሳሳታል። እንዲህ ያለ ድንቅ ልቦለድ የጻፈ ሰው ይህን ማለቱ ያሳዝነኛል፤ ሙግቱም ጠንካራ ነው። ግን የዘነጋው ነገር ያለ ይመስለኛል። አንባቢ ልቦለድ ሲከፍት ያልተመዘገበው እንደሚፈጠርለት ተስማምቶ ነው የሚገባው። መዝገብ የአዋጁን ቀን ይነግረናል፤ አዋጁን ሰምቶ ወደ ቤቱ የተመለሰው ሰው ለሚስቱ ምን እንዳላት አይነግረንም። ያ ክፍተት የልቦለዱ ሕጋዊ ርስት ነው። ከደራሲው የምጠብቀው የታወቀውን ለሴራው ምቾት ሲል እንዳያዛባ፣ ካዛባም በመጨረሻው ገጽ ማስታወሻ ላይ የት እንዳዛባ በግልጽ እንዲጽፍ ነው። ብዙዎቹ አሁን ይህን ያደርጋሉ፤ እኔም ማስታወሻውን ሁልጊዜ ልቦለዱን ከጨረስኩ በኋላ አነባለሁ።

ጎረቤት ዘርፎችም አሉ። በእውነት የኖረን አንድ ሰው ሕይወት ከልደት እስከ ሞት የሚከተል የሕይወት ታሪክ ልቦለድ የቅርብ ዘመዱ ነው። ያልሆነውን እንደሆነ አድርጎ፣ ለምሳሌ የተሸነፈው ወገን ቢያሸንፍ ኖሮ ብሎ የሚነሣው ግን ሌላ ጨዋታ ነው፤ ያልነበረ ዓለም ስለሚገነባ ከሳይንስ ልቦለድ ጋር ይቀራረባል።

ለዚህ ዘርፍ አዲስ የሆነ አንባቢ የታሪክ መጽሐፉን ላስቀድም ወይስ ልቦለዱን ብሎ ሲጠይቀኝ ልቦለዱን አስቀድም እላለሁ። አንድ ሰው ስለ ሬንሶና ሉቺያ ከተጨነቀ በኋላ የሎምባርዲን የእህል ዋጋና የገዢዎቹን አዋጆች ዝርዝር ቢያገኝ በጉጉት ያነበዋል፤ እያንዳንዱ ቁጥር ማንን እንደጎዳ ያውቃልና።