ቅብ ያላቸው የኤሲ ኮይሎችና ፋኖች ጽዳትና እንክብካቤ በጅማ

በጅማ ኤሲ የመኖሪያ ቤት ዕቃ ሆኖ አያውቅም። ከአዲስ አበባ በስተደቡብ ምዕራብ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ፣ ከባሕር ጠለል ከ1,700 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ የምትገኘው ከተማ ወይና ደጋ ናት፤ ቀኑ ቢሞቅም ሌሊቱ ይቀዘቅዛል። በጅሬን ኮረብታ ላይ ያለው የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥትም ሙቀቱን የሚያሳልፈው በእንጨት ሥራውና በበረንዳው ነው። ኤሲ የሚገኘው በባንክ የሰርቨር ክፍል፣ በቀዶ ሕክምና ክፍል፣ በላቦራቶሪ፣ በመድኃኒት መጋዘን፣ በቴሌኮም መሣሪያ ማስቀመጫና በአንዳንድ ሆቴሎች ነው። አብዛኛው የተተከለው ለሰው ምቾት ሳይሆን ለመሣሪያና ለመድኃኒት ስለሆነ ሌሊትና ቀን ይሠራል። እያንዳንዷ የሥራ ሰዓት ደግሞ የአካባቢውን አየር በኮይሉ ውስጥ የምታሳልፍ ናት፤ አየሩ የተሸከመውም ሁሉ እዚያው ይቀራል።

ኮይል የሚባለው የመዳብ ቱቦና በላዩ የተደረደሩ ስስ የአሉሚኒየም ቅጠሎች ስብስብ ነው። የቅጠሎቹ ውፍረት 0.1 ሚሊ ሜትር አካባቢ፣ በመካከላቸው ያለው ክፍተትም ከአንድ እስከ ሁለት ሚሊ ሜትር ነው። አሉሚኒየምና መዳብ ተነካክተው ውኃ ሲያገኙ አሉሚኒየሙ ይበላል። ይህን ለመከላከል አምራቾች ኮይሉን ይቀቡታል። ከቅቦቹ መካከል በብዙ ኤሲዎች ላይ ሰማያዊ ሆኖ የሚታየው ውኃ ወዳድ ቅብ አለ፤ ውፍረቱ ከጥቂት ማይክሮን (የሚሊ ሜትር አንድ ሺሕኛ) አይበልጥም። ዝገትን ለመቋቋም የሚደረጉት የኢፖክሲና የመሳሰሉት ቅቦች ወፈር ይላሉ፤ ቢሆንም ብዙውን ጊዜ ከሰው ጸጉር የሳሱ ናቸው።

ሰማያዊው ቅብ የተሠራለትን ጉዳይ ለማየት መሣሪያ አያስፈልግም። በንጹሕ የውስጥ ኮይል፣ ማለትም የክፍሉን አየር በሚያቀዘቅዘው ላይ፣ ትንሽ ውኃ ጠብ ቢደረግ ወዲያው ተዘርግቶ እንደ ስስ መጋረጃ ወደ ታች ይወርዳል። ቅቡ ባለቀበት ወይም ቅባት በያዘው ኮይል ላይ ግን ውኃው እየተንከባለለ ዶቃ ይሠራል፤ ዶቃው በሁለት ቅጠሎች መካከል ይሰካና የአየሩን መንገድ ይዘጋል፣ አንዳንዴም በፋኑ ተገፍቶ ክፍሉ ውስጥ ይረጫል። «ኤሲው ውኃ ይተፋል» ከሚለው አቤቱታ ከፊሉ መነሻው ይኸው ነው።

ስለ ኮይል ቅብ የሚጻፈው አብዛኛው ነገር ለባሕር ዳርቻ ከተሞች ነው፤ ጠላቱም ጨው ነው። ጅማ ጨው የላትም፤ የራሷ ሦስት ነገሮች ግን አሏት። አንደኛው ዝናብ ነው። በዓመት 1,500 ሚሊ ሜትር ገደማ ይዘንባል፤ በክረምቱ ወራት የውስጥ ኮይሉ ደርቆ አያውቅም፣ ሻጋታም ይመቸዋል። ሁለተኛው ቡና ነው። ከጥቅምት እስከ ጥር ጀንፈል ሲሰጣና ሲቀሸር የሚነሣው ገለባና ብናኝ ቀላል ስለሆነ ሩቅ ይሄዳል። በቡና መቀሸሪያ አጠገብ የተተከለ የኤሲ የውጭ አካል፣ ማለትም ከሕንፃው ውጭ የሚቀመጠው ክፍሉ፣ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ጀርባው ቡናማ ስጋጃ የለበሰ ይመስላል። የማገዶ ጭስና የጄኔሬተር ጥቀርሻ ሲጨመርበት ብናኙ ይጣበቃል፤ ከዚያ በኋላ በመጥረጊያ አይለቅም። ሦስተኛው አይታይም፤ ከፍታው ነው። በዚህ ከፍታ ያለው አየር፣ ሙቀቱ እኩል ከሆነ፣ ከባሕር ጠለል አየር በአንድ አምስተኛ ገደማ የሳሳ ነው። ፋኑ በተመሳሳይ ፍጥነት እየዞረ ከኮይሉ የሚወስደው ሙቀት ያንሳል ማለት ነው። ገና ከመነሻው የተቀነሰበት ኮይል ላይ ቆሻሻ ሲጨመር፣ ቆላ ላይ ያለ ኤሲ የሚችለውን ያህል የጅማው አይችልም።

ያም ሆኖ እንደ እኔ ግምት ቅብ የሚያጠፋው ከአየሩ ይልቅ አጣቢው ነው። ለማጠብ የሚመጣው ሰው ብዙ ጊዜ ሁለት ነገር ይዞ ይመጣል፤ የላቫጆ ፓምፕና ጠንካራ ኬሚካል። ፓምፑ የመኪና ጭቃ እንዲያስለቅቅ የተሠራ ነው። የአሉሚኒየም ቅጠል ግን በጣት ይታጠፋል፤ ኃይለኛ ውኃ በጎን ከመታው ተጋድሞ ጎረቤቱ ላይ ይተኛል፣ ቅቡም ከጫፉ ይላጣል። ኬሚካሉ ደግሞ ዓይን ያታልላል። ኮስቲክ ሶዳ ያለበት ማጠቢያ ሲረጭ ነጭ አረፋ ከኮይሉ ውስጥ ገንፍሎ ይወጣል፤ ባለቤቱም «ቆሻሻው ለቀቀ» ብሎ ይደሰታል። አረፋው ሶዳው አሉሚኒየሙን ሲበላ የሚወጣ ሃይድሮጅን ነው። ኮይሉ ሲያበራ የሚታየውም የላይኛው ቆዳው ስለተገፈፈ ነው። በረኪናም አሉሚኒየምን ይቦረቡራል፤ አሲድ ካለው የሽንት ቤት ማጽጃ ጋር ከተቀላቀለ ደግሞ የሚወጣው የክሎሪን ጋዝ የሰው ሳንባ ይጎዳል።

ቅብ ላለው ኮይል የሚሆነው አሲድም ሶዳም ያልበዛበት ሳሙና ነው፤ የፒኤች መጠኑ ወደ 7 የተጠጋ። መጀመሪያ ብሬከሩ ይጠፋል። የውጭው አካል ካፓሲተር ብሬከር ከጠፋም በኋላ ኤሌክትሪክ ይዞ ይቆያል፤ ባለሙያ ሳያራግፈው እጅ አይገባም። የኤሌክትሮኒክስ ካርዱና ሞተሩ በላስቲክ ይሸፈናሉ። የደረቀው ገለባ በለስላሳ ብሩሽ፣ በቅጠሎቹ አቅጣጫ ከላይ ወደ ታች ይጠረጋል፤ አግድም መጥረግ ቅጠሉን ያጣምማል። ከዚያ ውኃው አየሩ ከሚገባበት በተቃራኒ፣ ማለትም የውጭው አካል ክዳን ተነሥቶ ከውስጥ ወደ ውጭ ይፈስሳል፤ ከውጭ የሚረጭ ውኃ ብናኙን ወደ መሃል ወስዶ ይቀረቅረዋል። የአትክልት ማጠጫ ጎማ ግፊት ይበቃል። ሳሙናው ጥቂት ደቂቃ ይቆይና በብዙ ንጹሕ ውኃ ይለቀለቃል። ማለቅለቁ ከማጠቡ በላይ ጊዜ ቢወስድ ትክክል ነው፤ የቀረ ሳሙና ቀጣዩን አቧራ ይስባል።

ፋኑን ማንም አያስታውሰውም። በግድግዳ ላይ በሚሰቀለው ኤሲ ውስጥ ረጅም ሲሊንደር የሚመስል ፋን አለ፤ በዙሪያው ጎበጥ ያሉ ቀጫጭን ምላሶች ተደርድረዋል። ፊልተሩ ለወራት ያልታጠበ ኤሲ ተከፍቶ ፋኑ በባትሪ መብራት ሲታይ፣ የምላሶቹ ጉድጓድ በጥቁር ግራጫ ነገር ተሞልቷል፤ አቧራና እርጥበት ተጋግሮ እንደ ባና የሆነ። ምላሱ ጉድጓዱ ሲሞላ አየር አይገፋም። ሞተሩ ይዞራል፣ ድምፁም ይሰማል፣ የሚወጣው ነፋስ ግን ትንፋሽ ብቻ ነው። ቆሻሻው በአንድ ወገን ከበዛ ፋኑ ይንቀጠቀጥና ኩሽኔታውን ይበላል። በብሩሽ እየተጠረገ በትንሽ ውኃ ይታጠባል፤ ወደ ሞተሩ ግን ውኃ መድረስ የለበትም። የፋብሪካ ሚዛን ማስጠበቂያ ክሊፕ ከምላሱ ላይ ከተገኘ አይነቀልም።

አየር ሲያንስ የውስጥ ኮይሉ ከዜሮ በታች ወርዶ በረዶ ይሠራል። ክፍሉ መቀዝቀዝ ሲያቆም ባለቤቱ «ጋዝ አልቋል» ይላል፤ ባለሙያውም ጋዝ ይሞላለታል። የኤሲ ጋዝ እንደ ነዳጅ በሥራ ብዛት የሚያልቅ ነገር አይደለም፤ የሚጎድለው በሆነ ቦታ ካፈሰሰ ብቻ ነው። ፊልተርና ፋን ሳይታይ ጋዝ የሞላ ሰው ቆሻሻውን ሳያነሣ ከሚገባው በላይ ጋዝ ጨምሮበታል፤ ጋዙን የሚጨምቀው ኮምፕሬሰርም ይጎዳል።

በሆስፒታሎች ያሉ ትላልቅ አየር ማከፋፈያዎች ፋናቸው በቺንጋ የሚዞር ሊሆን ይችላል። በእነሱ ላይ የቺንጋው ውጥረት፣ የፑሊዎቹ ቀጥታና የኩሽኔታው ግራሶ ይታያል። ግራሶ የሚሞላው መሙያ ላለው ኩሽኔታ ነው፤ ድፍኑ አይፈልግም።

ጊዜውን በተመለከተ ፊልተር በየሁለት ሳምንቱ ቢታጠብ ብዙ ነገር ይድናል። ለጅማ የሚስማማው የኮይልና የፋን ጽዳት በየካቲት፣ የቡናው ብናኝ ካለፈ በኋላ፣ ሌላው ደግሞ በመስከረም ነው፤ መቀሸሪያ አጠገብ ላሉት በቡናው ወቅት በየወሩ። በእያንዳንዱ ጽዳት ቅቡ ይታያል፤ ያበጠ፣ የተላጠ፣ ነጭ ዱቄት ያወጣ ቦታ ካለ አምራቹ በሚፈቅደው መጠገኛ ቅብ ይሸፈናል። በአንቲረስት መቀባት ወፍራም ቆዳ ስለሚያለብሰው ሙቀት ያፍናል። የተጋደሙ ቅጠሎች በፕላስቲክ ማበጠሪያ ቀስ ተብለው ይቃናሉ።

በመጨረሻ አንድ ጆግ ንጹሕ ውኃ የውስጥ ኮይሉ ሥር ባለው መቀበያ ሳህን ላይ በቀስታ ይፈስሳል፤ ሌላ ሰው ውጭ ወጥቶ የፍሳሹን ቱቦ ጫፍ ያያል። ውኃው ካልመጣ ቱቦው ውስጥ ዝልግልግ ሻጋታ ወይም ጭቃ የጋገረች ተርብ ጎጆ ሊኖር ይችላል፤ ክዳኑ የሚገጠመው ጆጉ ውጭ ተንዠቅዥቆ ሲያልቅ ነው።